ጆሮ ይቅደም፦ ስልካችን እንግሊዝኛ ሲያነብልን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ከንግግሩ ሥር ይጠፋል)

የዛሬው ዝግጅታችን እንግሊዝኛ መናገርን ይመለከታል። ማንበብን አይደለም፣ መጻፍን አይደለም፤ አፍ ከፍቶ መናገርን ነው።

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ የተማረ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው፣ አንድ የውጭ እንግዳ ፊቱ ቆሞ ሲያናግረው ለምን አንደበቱ ይታሰራል? ቃላት ስላነሱት ነው? ሰዋስው ስላልገባው ነው?

(አጭር ዝምታ)

በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። እንግሊዝኛን የተማርነው በዓይናችን ነው። ከሰሌዳ ገለበጥን፣ ከመጽሐፍ አነበብን፣ ፈተና ላይ መልሱን አከበብን። ዓይናችን ብዙ ዓመት ሲማር ጆሯችን ግን ከትምህርቱ ውጭ ነበር። ጆሮ ያልተማረውን አፍ ሊናገረው አይችልም።

እንግዲህ ዛሬ በየኪሳችን ስላለው አንድ መሣሪያ እንነጋገራለን። የተጻፈ ነገር ስትሰጡት ጮክ ብሎ ያነብላችኋል። በእንግሊዝኛ ቴክስት ቱ ስፒች ይሉታል፤ እኛ ለዛሬ አንባቢው ድምፅ እንበለው። በብዙዎቻችሁ ስልክ ውስጥ አለ፤ ከፍታችሁት ግን አታውቁ ይሆናል።

(ድምፅ፦ ስልክ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያነባል)

ሰማችሁት? እስቲ ደግሞ ቀስ ብሎ ያንብበው።

(ድምፅ፦ ያው ዓረፍተ ነገር ዝግ ባለ ፍጥነት)

ይህ ድምፅ አይሰለቸውም። መቶ ጊዜ ድገምልኝ ብትሉት መቶ ጊዜ ይደግማል፤ አይቆጣም፣ አይስቅባችሁም። እንግሊዝኛ ለመናገር ለሚያፍር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

አድማጮች፣ ጆሮ ይቅደም ስል ምን ማለቴ ነው?

የእኛ ፊደል ታማኝ ነው። ከማጥበቅና ከማላላት በቀር የጻፍነውን እናነባለን፣ የምንናገረውን እንጽፋለን። «በ» በየትኛውም ቃል ውስጥ ብትገባ «በ» ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ ፊደልን ማመን የለመድነው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይደለም። ደረሰኝ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ «ፒ» የምትባለው ፊደል ተጽፋለች፤ በአፍ ግን «ሪሲት» ነው፣ «ፒ» የለችበትም። ዕዳ ማለት የሆነው ቃል ውስጥ «ቢ» አለች፤ ሲነገር ግን «ዴት» ብቻ ነው። እኛ ኮሎኔል የምንለውን የጦር ማዕረግ እንግሊዞቹ የሚጠሩት «ከርነል» እያሉ ነው። ምቹ ማለት የሆነውንስ? ብዙዎቻችን «ኮምፎርቴብል» እንላለን። አንባቢው ድምፅ ግን እንዲህ ይለዋል፤ ስሙት።

(ድምፅ፦ ስልኩ ቃሉን ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ከዚያ የሦስት ሰከንድ ዝምታ ለአድማጭ)

«ከምፍተብል»። እንዴት አጠረ! ዓይናችን ያየው ረጅም ቃል ነው፤ ጆሯችን የሰማው ግን አጭር ነው። ዓይን ቀድሞ ከገባ የተሳሳተውን ንባብ ይዞ ይቀመጣል፤ በኋላ እሱን ማስለቀቅ አዲስ ከመማር ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ አፍ፣ ዓይን በመጨረሻ።

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው መጀመሪያ የሚሰማው የየኔታን ድምፅ ነው። ንባቡን ግዕዝ በሚባለው ደረጃ ይጀምራል፤ ፊደሉን እየነጠለ፣ በዝግታ። ከዚያ ወደ ውርድ ንባብ ይሸጋገራል፤ በመጨረሻ ቁም ንባብ ይደርሳል፣ እንደ ውኃ ይፈስለታል። ቃሉ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ሰያፍ ይሁን ተጣይ በጆሮው ይለያል፤ ቢስት የኔታ ያርሙታል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ከኡስታዙ አፍ እየተቀበለ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ከጉሮሮ ይውጣ ከከንፈር፣ የት ይርዘም የት ይጠር፣ በተጅዊድ ሕግ መሠረት እየደገመ ይማራል። በሁለቱም ቤት ድምፅ ከመጽሐፍ ይቀድማል። እንግሊዝኛን ስንማር ብቻ ነው ይህን የቆየ ጥበባችንን ትተን በመጽሐፉ የጀመርነው።

የግዕዝ ንባብ የተማራችሁ አድማጮች ደግሞ አንድ ብልጫ አላችሁ። ተነሽና ወዳቂ የምትሉት ነገር በእንግሊዝኛም አለ። በእያንዳንዱ ረዘም ያለ ቃል ውስጥ አንድ ክፍል ብድግ ይላል፣ ሌሎቹ ዝቅ ይላሉ፤ ቦታውን ከሳታችሁት ሰሚው ቃሉን ላያውቀው ይችላል። አንድ ምሳሌ እንስማ። ቅጂ ወይም መዝገብ ማለት ሲሆን «ሬከርድ» ነው፤ የሚነሣው መጀመሪያው ነው። መቅዳት ማለት ሲሆን ግን «ሪኮርድ» ይሆናል፤ የሚነሣው ወደ ኋላ ሄደ። በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ፊደል በፊደል። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ጆሮ ብቻ ነው።

(ድምፅ፦ ስልኩ ሁለቱን ቃላት ተራ በተራ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያነባል፤ ዝምታ)

አብራችሁ በሉ። መጀመሪያ «ሬከርድ»። አሁን «ሪኮርድ»።

(ሙዚቃ)

አማርኛ ተናጋሪዎች በተለይ የምንቸገርባቸው ድምፆች የትኞቹ ናቸው? ሁሉንም አላነሣም፤ ንግግራችንን የሚያደናቅፉትን ጥቂቶቹን ብቻ።

አንደኛው መርከብና በግ ናቸው። መርከብ «ሽፕ»፣ በግ ደግሞ «ሺፕ»። የመጀመሪያዋ አጭርና ላላ ያለች ናት፤ ሁለተኛዋ ረዘም ትላለች፣ ከንፈርም ወደ ጎን ይሳባል። ብዙዎቻችን ሁለቱንም በአንድ ድምፅ እንጠራቸዋለን። አንባቢው ድምፅ ሁለቱን እያፈራረቀ እንዲያነብላችሁ አድርጉ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞክሩ። ጆሯችሁ ሳይለይ አፋችሁ ይለያል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሁለተኛው «ፕ» እና «ቭ» ናቸው። እነዚህ ድምፆች ወደ ቋንቋችን የገቡት በውሰት ቃላት ነው፤ አንዳንድ አረጋውያን እስከ ዛሬ «ቦሊስ»፣ «ቦስታ» ይላሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ፕ» ቃል ሲጀምር ከከንፈር እፍ የሚል ትንፋሽ ይከተላታል። መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉና ሞክሯት፤ ትንፋሹ መዳፋችሁን ካልነካው «ፕ»ዋ ወደ «ብ» አድልታለች ማለት ነው።

ሦስተኛው የቃል መነሻ ነው። «ስኩል» ለማለት «እስኩል»፣ «ስቱደንት» ለማለት «እስቱደንት» እንላለን። «ስ» ሌላ ተነባቢ ድምፅ አስከትላ ቃል ስትጀምር ምላሳችን ከፊት «እ»ን ይጨምራል። ስልኩ ሲያነብ በጥሞና ስሙት፤ ምንም «እ» የለም፤ በቀጥታ በ«ስ» ይጀምራል።

ሌላም አለ፤ ያለፈ ጊዜን የሚያሳየው የቃል መጨረሻ። ተራመደ ለማለት ብዙዎቻችን እንደተጻፈው «ዎክድ» እንላለን፤ የሚነገረው ግን «ዎክት» ነው። ይህን ሕግ በሰዋስው መጽሐፍ ልታነቡት ትችላላችሁ፤ አሥር ጊዜ መስማቱ ግን ይበልጣል።

ምላስ በጥርስ መካከል ስለሚወጣባቸው ድምፆችስ? በእንግሊዝኛ አሰብኩ ወይም አመሰግናለሁ ስንል የምናገኘው ድምፅ ማለት ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንባቢው ድምፅ ብቻውን አይበቃችሁም። ድምፅ እንጂ አፍ የለውም፤ ምላሱ የት እንዳለ ሊያሳያችሁ አይችልም። ለእነዚህ መስታወት ያዙ፣ የሚያውቅ ሰው አፍ ተመልከቱ፣ ወይም ቪዲዮ ፈልጉ።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ይህ የሚያነብ ድምፅ ከወዴት መጣ? ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ሆመር ደድሊ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ የሠራው ቮደር የሚባል መሣሪያ ለሕዝብ ታየ። ማንበብ አይችልም ነበር፤ የሠለጠነ ሰው ቁልፎቹን እየነካ ድምፅ ያስወጣው ነበር። በ1976 ሬይ ከርዝዌል ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ የሚያነብ ማሽን አቀረበ። ዕውቁ የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ በ1985 በቀዶ ሕክምና ምክንያት ድምፁን ካጣ በኋላ የተናገረበት፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያ የኮምፒውተር ድምፅ፣ ዴኒስ ክላት የተባለ ተመራማሪ ከራሱ ድምፅ ተነሥቶ የሠራው ነው። የዛሬዎቹ ድምፆች ሰው የሚመስሉት ደግሞ ከ2016 ወዲህ ዌቭኔትን የመሰሉ፣ ከተቀዳ የሰው ንግግር የሚማሩ ሥርዓቶች ስለመጡ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ መሣሪያ ለውጥ ያመጣው መጀመሪያ ማየት ወይም መናገር ለማይችሉ ሰዎች ነው። በአገራችንም ከሁላችን ቀድመው የተጠቀሙበት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ናቸው። ጆውስና ኤንቪዲኤ በሚባሉት የስክሪን ማንበቢያዎች መጽሐፋቸውን በእንግሊዝኛ እየሰሙ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ አሉ። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ተማሪ ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት። ስለዚህ መሣሪያ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም፤ ጆሮን በማሠልጠን ረገድም ብዙ ርቆ ሄዷል።

(ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፤ አክሰሰቢሊቲ የሚለውን ፈልጉ። እዚያ ውስጥ ሴሌክት ቱ ስፒክ የሚባል አለ፤ እሱን ስታበሩ የመረጣችሁትን ጽሑፍ ያነብላችኋል። ቴክስት ቱ ስፒች የሚለውን ስትከፍቱ ደግሞ ፍጥነቱንና ቋንቋውን ትመርጣላችሁ። ቦታው ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ ካጣችሁት ከላይ ባለው መፈለጊያ ስሙን ጻፉ። በአይፎንም በዚሁ በአክሰሰቢሊቲ ሥር ታገኙታላችሁ። ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ ጉግል ትራንስሌት ላይ ጽፋችሁ የድምፅ ማጉያውን ምልክት ንኩ፤ ደግማችሁ ስትነኩት ቀስ ብሎ ይደግመዋል።

ስለ ዳታ ወጪ ለምትጨነቁ ደግሞ፦ የእንግሊዝኛውን ድምፅ አንድ ጊዜ ዋይፋይ ባለበት ካወረዳችሁት የስልኩ አንባቢ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ልምምዳችሁ አይቋረጥም።

የአሜሪካውን ልምረጥ ወይስ የእንግሊዙን? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ከማን ጋር ነው የምትነጋገሩት? መልሱ እሱ ነው። አንዱን ምረጡና ለተወሰነ ጊዜ አትቀያይሩ። ደግሞም አማርኛችን በእንግሊዝኛችን ውስጥ ቢሰማ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የምንፈልገው ሰው እንዲረዳን ነው፤ ሌላ ሰው መምሰል አይደለም።

(አጭር ዝምታ)

ልምምዱን በምሳሌ እናስበው። በባሕር ዳር አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ወጣት አለች እንበል። ስልኩን ምን ታስነብበው? ልብ ወለድ? ዜና? አይደለም። በየቀኑ የምትናገረውን በእንግሊዝኛ ትጻፍ። «ክፍልዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው»፤ «ቁርስ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይቀርባል»። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፍ እንዳትረሳ፤ በእኛ ከ12 እስከ 4 ሰዓት መሆኑ ነው፤ እንግዳው ቁርስ ሳይበላ እንዳይቀር። አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሳምንት ይበቃታል።

ግን ከመስማቷ በፊት እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ዓረፍተ ነገሮቹን ይይላት። ለምን? አንባቢው ድምፅ አያርምም። የተሳሳተ ሰዋስው ብትሰጡት ያንኑ ስሕተት ባማረ ድምፅ ያነብላችኋል፤ ጆሯችሁም ስሕተቱን ይለምደዋል። ነጥብና ኮማም በቦታቸው ይሁኑ፤ ድምፁ የሚያርፈው እነሱን አይቶ ነው።

ከዚያ ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጥ። ዓይኗን ጨፍና ትስማ፤ ደግማ ትስማ። ቀጥላ ከድምፁ በኋላ ትድገም፣ ጮክ ብላ። በልብ ማነብነብ አይቆጠርም። «ብሬክፈስት» የሚለውን ስትሰማ እስከ ዛሬ «ብሬክፋስት» ትለው እንደነበር ራሷ ታገኘዋለች። ጽሑፉን የምታየው አሁን ነው። ቀጥሎ ከበድ ያለው ክፍል ይመጣል፤ ከድምፁ ጋር እኩል መሄድ። ድምፁ ሲነሣ መነሣት፣ ሲወርድ መውረድ፣ ሲያርፍ ማረፍ። አስተርጓሚዎች ሲሠለጥኑ ይህን ዓይነት ልምምድ ያደርጋሉ።

ፍጥነቱስ? መጀመሪያ ዝቅ ይበል፤ ግን እዚያው አትቅር። በዝግታ ሲነበብ ቃላቱ ተለያይተው ይቆማሉ፤ በእውነተኛ ንግግር ግን የአንዱ ጭራ ከሌላው ራስ ጋር ይያያዛል። ግዕዝ ተብሎ ወደ ቁም ንባብ እንደሚኬደው፣ እሷም ወደ መደበኛው ፍጥነት መድረስ አለባት።

በመጨረሻ የራሷን ድምፅ በስልኩ ትቅዳና ከአንባቢው ጋር አፈራርቃ ትስማ። የራስን የተቀዳ ድምፅ መስማት ብዙ ሰው አይወድም። «ይሄ የኔ ድምፅ ነው?» ይላል። ምክንያት አለው፤ ስንናገር ድምፃችንን የምንሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ነው፤ ቅጂው ላይ በአየር የሄደው ብቻ ይቀራል። ሌሎች የሚሰሙት ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ልመዱት።

ይህ ለሆቴል ሠራተኛ ብቻ አይደለም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ስለ ራሳችሁ የምትሉትን ጽፋችሁ አስነብቡት። በአሜሪካ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ እናቶችና አባቶች ደግሞ ለእናንተ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። የታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ጥያቄዎቹ አስቀድመው ይታወቃሉ፤ መልሱን በቃላችሁ ይዛችሁት ይሆናል። ነገር ግን መርማሪው ጥያቄውን በቃል ሲያቀርበው ትለዩታላችሁ? ጥያቄዎቹን ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁና በወንድም በሴትም ድምፅ፣ በዝግታም በፍጥነትም ስሟቸው። መልሱን የምታውቁትን ጥያቄ በጆሮ ሳትለዩ ቀርታችሁ ብትወድቁ ያሳዝናል።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ከመሰናበታችን በፊት አንዳንድ ጥንቃቄዎች። አንባቢው ድምፅ የኢትዮጵያ ስሞችን ያበላሻል፤ የራሳችሁን ስም አጠራር ከእሱ አትማሩ። አንድ ዓይነት ተጽፈው ሁለት ዓይነት የሚነበቡ ቃላትም አንዳንዴ ያሳስቱታል። ለምሳሌ «አነባለሁ» ሲሆን «ሪድ»፣ «አነበብኩ» ሲሆን «ሬድ» የሚባለውን ቃል ያምታታው ይሆናል። ጥርጣሬ ሲገባችሁ መዝገበ ቃላት ተመልከቱ።

ዋናው ድክመቱ ግን ይህ ነው፤ እሱ ይናገራል እንጂ እናንተን አይሰማችሁም። ለዚህ ግማሽ መፍትሔ አለ። የስልካችሁን የመጻፊያ ቁልፎች ስትከፍቱ የማይክሮፎን ምልክት ታያላችሁ። ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉና ተናገሩ፤ የሰማውን ይጽፋል። መርከብ ብላችሁ በግ ከጻፈ መልእክቱ ገብቷችኋል። ግማሽ መፍትሔ ያልኩት አንዳንዴ ስሕተታችሁን በግምት አቃንቶ ስለሚጽፍ ነው። የቀረውን ግማሽ የሚሞላው ሰው ነው። መደማመጥ፣ መጠየቅ፣ ሲቋረጡ መቀጠል የሚለመደው ከሰው ጋር ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሚያናግራችሁ ጓደኛ ፈልጉ።

አሁን ለመምህራን አንድ ቃል አለኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈስ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ አንዴ ቁም ሊለው፣ ድገምልኝ ሊለው አይችልም ነበር። የዛሬው ድምፅ ግን በእጃችሁ ነው፤ ይቆማል፣ ይደግማል፣ ይዘገያል። አንድ ስልክና አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ለአንድ ክፍል ትበቃለች። እባካችሁ፣ አዲሱን ምንባብ ተማሪዎቹ መጽሐፋቸውን ሳይከፍቱ በፊት ሁለት ጊዜ አሰሟቸው፤ ጮክ ብለው ይከተሉ፤ ከዚያ ገጹን ይግለጡ።

ለሌሎቻችሁ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ይህ ነው። ነገ በሥራችሁ ወይም በትምህርታችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ልትሏቸው የሚገቡ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። የሚችል ሰው ይያቸው። ዓይን ጨፍናችሁ ስሙ፣ ጮክ ብላችሁ ድገሙ፣ ከዚያ አንብቡ፣ ራሳችሁንም ቅዱ። ቅጂውን አታጥፉት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስንገናኝ እሱን ይዘን እንዴት እንደምናነጻጽር አብረን እንሠራለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)